ለአራት ልጆች የተተወ ገንዘብ፦ ሦስት ቀን በዊንቸስተር

ሐሙስ

"ልጅቷ ሲክስዝ ፎርም ልትመርጥ ነውና መጥተህ አግዘን" ብላ እህቴ ስትደውል ሥራ ላይ ነበርኩ። እሷ የምትኖረው ሳውዝሃምፕተን ነው፣ እኔ ለንደን። "ስድስተኛ ፎርም ሲሉኝ እኮ የሚሞላ ወረቀት መስሎኝ ነበር። አምስቱን መቼ ሞላን ብዬ የወረቀት ሳጥኑን ሁሉ ስበረብር ዋልኩ" አለችኝ። ሳቅን። ግን አልፈረድኩባትም። እዚህ አገር አሥራ ምናምን ዓመት ኖሬ እኔም በቅጡ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎርም በድሮው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ክፍል ማለት ነበር። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ፎርም ልጁ 16 ዓመት እስኪሞላው ይማራል። ስድስተኛው ፎርም የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ስም ነው። ዛሬ 12ኛ እና 13ኛ ዓመት ይሏቸዋል፣ የድሮው ስም ግን አልለቀቀም። ባጭሩ የኛ መሰናዶ ነው። ልጁ በ16 ዓመቱ ጂሲኤስኢ ይፈተናል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ይመርጥና ሁለት ዓመት አጥንቶ ኤ ሌቭል ይፈተናል። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በዚያ ውጤት ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሲክስዝ ፎርሙን እዚያው ግቢው ውስጥ ያስተምራል። ሌላው ግን ለነዚህ ሁለት ዓመታት ብቻ የቆመ ኮሌጅ ነው። የዚህ ዓይነቱ ኮሌጅ የመጀመሪያው በ1966 ሉተን ከተማ ተከፈተ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የእህቴ ልጅ ዓይኗን የጣለችው ዊንቸስተር ባለው ፒተር ሲሞንድስ ኮሌጅ ላይ ነው። የጉብኝት ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እኔ ግን ፈቃድ ስለነበረኝ ሐሙስ ተነሳሁ።

ከዋተርሉ ጣቢያ ዊንቸስተር ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሳውዝሃምፕተን ከመድረሴ በፊት እዚያ ወርጄ ግቢውን በሩቁ ልይ አልኩ። ከጣቢያው ወደ ሰሜን ትንሽ በእግር ይኬዳል። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ቀይ ጡብ ቤቶች፣ የተከረከመ አጥር፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ድመት። ተሳሳትኩ እንዴ እያልኩ ስልኬን ሳይ ከፊቴ ጎርፍ መጣ።

ጎርፍ የምለው የተማሪ ነው። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አልቆ ወደ ባቡር ጣቢያው እየወረዱ ነው። ሰልፍ የወጣ ሕዝብ ይመስላል። የእግረኛ መንገዱን ሞልተውት እኔ ወደ ጥግ ተጠጋሁ። ዩኒፎርም የለም። አንዷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ጥቁር ካፖርት ለብሳለች፣ ጓደኛዋ በዚያ ብርድ ቁምጣ። አንድ ረጅም ልጅ ከቁመቱ የሚስተካከል የሙዚቃ መሣሪያ ጀርባው ላይ አዝሎ እየተንገዳገደ ያልፋል። ሁለት ልጆች ስለ አንድ የሒሳብ ጥያቄ እየተጨቃጨቁ ገፍተውኝ አለፉ፤ አንደኛው ዞር ብሎ "ሶሪ" አለኝ። ቆሜ ማለፋቸውን ጠበቅኩ። አላለቁም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየሁ፣ አሁንም ይመጣሉ። በዚህ ኮሌጅ ከ4,000 በላይ ተማሪ እንዳለ አንብቤ ነበር። ቁጥሩን ማንበብና ጎርፉ መሀል መቆም ግን ለየቅል ነው።

ግቢውን ሳላይ ተመለስኩ። ከጎርፉ ጋር አብሬ ወረድኩ።

ዓርብ

ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት፣ እህቴ ሥራ ገብታለች። ብቻዬን ወደ ዊንቸስተር ተመለስኩ። ዛሬ የፈለግኩት ኮሌጁን ሳይሆን ኮሌጁ በስሙ የተሰየመለትን ሰውዬ ነው።

ካቴድራሉ አጠገብ ሲሞንድስ ስትሪት የምትባል ትንሽ መንገድ አለች። እዚያ ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባል ያረጀ የጡብ ቤት ቆሟል። ሆስፒታል ሲባል መርፌና አልጋ እንዳይታያችሁ። በዚያ ዘመን ቃሉ መጠጊያ ማለት ነበር፣ ጧሪ የሌለው የሚጦርበት ቤት።

ፒተር ሲሞንድስ የዊንቸስተር ተወላጅ ነው። ለንደን ገብቶ በሐርና በጨርቅ ንግድ ከበረ። የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ በሉት። የሞተው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በነገሠችበት ጊዜ ነው። ሀብታም ሲሞት ኑዛዜው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ያጣላል። የዚህኛው ኑዛዜ ግን ዝርዝሩ ያስቃል፣ ያስገርማልም። በየዓመቱ ስቅለት ዓርብ ለንደን ያሉ የድሃ ትምህርት ቤት ልጆች ቤተ ክርስቲያን ተወስደው አንዳንድ አዲስ ሳንቲምና ዘቢብ እንዲሰጣቸው ተናዟል። አዲስ ሳንቲም ነው ያለው፣ ያረጀ አይደለም። ይቺን ሳነብ ሰውዬውን ወደድኩት። ልጅ አዲስ ሳንቲም ሲይዝ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለተወለደበት ከተማ የተወው ደግሞ በ1607 ይህ ቤት ሆነ። የተሠራው ለስድስት ያላገቡ ሽማግሌዎች፣ ለአንዲት ጠባቂ ሴትና ለአራት ወንድ ልጆች ነው። ከዚህ ሌላ ኦክስፎርድ አንድ፣ ካምብሪጅ አንድ ተማሪ ይረዳል። በቃ። አራት ልጆች። ትናንት በአሥር ደቂቃ ውስጥ በአጠገቤ ያለፉትን አስቡና አራት ልጅ አስቡ።

ቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ ቆምኩ። የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ጡቡ በእርጥበት ጠቁሯል፣ መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው። አንድ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ አለፈ። ቱሪስቱ ሁሉ ጀርባውን ለዚህ ቤት ሰጥቶ ካቴድራሉን ፎቶ ያነሳል።

ጥቂት እርምጃ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ በር አለ። ዊንቸስተር ኮሌጅ። ስሙ ከሲክስዝ ፎርሙ ጋር እንዳያምታታችሁ፣ ይኼኛው በመላው ዓለም የታወቀው የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ የተማረው እዚህ ነው። በ1382 የመሠረተው ጳጳሱ ዊልያም ኦፍ ዋይከም ሲሆን፣ ያሰበው ለ70 ድሃ ተማሪዎች ነበር። አዎ፣ ለድሃ። ዛሬ አዳሪ ተማሪ በዓመት ከ50,000 ፓውንድ በላይ ይከፍላል። ለሰባው ልጆች የተመደበው ቦታ ዛሬም አለ፣ በከባድ ፈተና የሚገባበት ነው፤ የገንዘብ እርዳታም ይሰጣሉ። ያም ሆኖ ግንቡንና የተዘጋውን ከባድ በር ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጳጳስ አንዱ ጨርቅ ነጋዴ፣ በአንድ ከተማ ለድሃ ልጅ ገንዘብ ተዉ። የጳጳሱ በር ውድ ሆነ። የነጋዴው በር እየሰፋ ሄደ። ለምን? መልሱ ከሰዎቹ ደግነት ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም። ነገ ግቢው ውስጥ እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኢቸን ወንዝ ዳር ወደ ደቡብ ተጓዝኩ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ሣሩ ከሥር ሲወዛወዝ ይታያል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ከሄዳችሁ ሴንት ክሮስ ትደርሳላችሁ። ይኼም "ሆስፒታል" ነው፣ በ1130ዎቹ የተመሠረተ። ዛሬም ሽማግሌዎች ይኖሩበታል። ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ካባ ለብሰው ይታያሉ። እዚህ ቤት ከጥንት ጀምሮ ለመንገደኛ ዳቦና ቢራ ይሰጣል። ዝም ብሎ አይሰጣችሁም፣ በሩ ላይ መጠየቅ አለባችሁ።

እኔ ደግሞ መለመን አላውቅበትም። በሩ ላይ ትንሽ ተንጎራደድኩ። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠርጌ የመንገደኛውን ድርሻ እፈልጋለሁ አልኩ። ሰውዬው ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። ቁራጭ ዳቦ፣ ከሁለት ጉርሻ የማይበልጥ። ቢራው በትንሽ ኩባያ፣ ሁለቴ ፉት የሚባል። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ሰዓቱ ግን ደርሷል። ዳቦው ውስጥ ወተት ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም። የእግዜር እንግዳ ምን እንዳለበት አይጠይቅም። ዳቦው ደረቅ ነበር፣ ቢራው ለብ ያለ። እንዲህ የጣመኝ ምሳ ግን ብዙ የለም።

ካቴድራሉን መልስ ላይ በችኮላ አየሁት። ጄን ኦስተን እዚያ ተቀብራለች፣ በ1817። የመቃብሩ ድንጋይ ስለ ደግነቷ ብዙ ይላል፣ ደራሲ መሆኗን ግን አያነሳም። እኔን የያዘኝ የጠላቂው ታሪክ ነው። ሕንፃው ረግረግ ላይ ስለተሠራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መስመጥ ጀመረ። ዊልያም ዎከር የተባለ ጠላቂ ከ1906 እስከ 1911 በጨለማ ውሃ ውስጥ ከመሠረቱ ሥር ሲሚንቶ ሲያነጥፍ ኖረ። ምንም አይታየውም፣ በዳበሳ ነው የሚሠራው። ማታ ለእህቴ ልጅ ስነግራት ከስልኳ ቀና አለች። በሦስቱ ቀን ስልኳን ያስጣልኳት ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ሁለታችን በባቡር። ልጅቷ በዝርዝር ጽፋ ይዛለች። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ የአውቶቡስና የባቡር ዋጋ፣ ምግብ ቤት። እኔም ጥያቄዬን ይዣለሁ። "አጎቴ፣ አንተ አትጠይቅ፣ እሺ?" አለችኝ ገና ጣቢያው ላይ። እሺ አልኩ።

ግቢው ኦወንስ ሮድ የሚባል መንገድ ላይ ነው። የዊንቸስተር ኮሌጅን በር ካየ ሰው ዓይን ሲታይ ምንም ግርማ የለውም። መሀሉ ላይ ያረጀ ቀይ ጡብ ሕንፃ አለ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት። ዙሪያውን በየዘመኑ የተሠሩ ሌሎች ሕንፃዎች ተኮልኩለዋል። አንዱ መስታወት፣ አንዱ ሲሚንቶ፣ አንዱ ገና ቀለሙ ያልደበዘዘ። ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ክፍል የተጨመረበት የቤተሰብ ግቢ ይመስላል። ከዚያ ሜዳ አለ፣ አረንጓዴ ሰፊ ሜዳ። ይኼ ነው ደስ ያለኝ። ሕንፃው ሁሉ እየተጨመረም ሜዳውን አልበሉትም።

የምታስጎበኘን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ታሪኩን ስጠይቃት (እሺ ያልኩትን ረስቼ) ትንሽ ታውቃለች፣ የቀረውን እኔ ከማንበቤ አሟላሁት። የእህቴ ልጅ ሁለት እርምጃ ራቀችን።

የሲሞንድስ ገንዘብ መሬት ላይ ስለዋለ ከሞቱ በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት እየፋፋ ሄደ። ከአራት ልጅና ከስድስት ሽማግሌ በላይ ሆነ። ስለዚህ በ1897 በስሙ የወንዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ቄስ ቴልፎርድ ቫርሊ ነበሩ፣ የዊንቸስተርን ታሪክ ሲጽፉ የኖሩ ሰው። ትምህርት ቤቱ አዳሪም ነበረው። ከዚያ ግራመር ስኩል ሆኖ ቆየ። ግራመር ስኩል ማለት በ11 ዓመታቸው ፈተና ያለፉ ልጆች ብቻ የሚገቡበት ነው። ይቺን ፈተና ያለፈ ወደ ዩኒቨርሲቲ መንገድ፣ የወደቀ ወደ ሌላ። በ11 ዓመት! እኔ በ11 ዓመቴ ማባዛት ገና ያምታታኝ ነበር።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መንግሥት ይህን ልጅ ከልጅ የመለየት ነገር በብዙ ቦታ አስቀረው። ግራመር ስኩሎቹ አንዳንዶቹ ተዘጉ፣ አንዳንዶቹ ገንዘብ አስከፍለው የግል ሆኑ። ፒተር ሲሞንድስ በ1974 ሌላ መንገድ ያዘ፦ ትንንሾቹን ልጆች ትቶ ለሁሉም ሰፈር ልጅ፣ ለወንድም ለሴትም፣ የሁለት ዓመት ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ሆነ። የትናንቱ ጥያቄዬ መልስ ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ። በሩን ያሰፋው የነጋዴው ኑዛዜ ብቻ አይደለም። የኑዛዜው ትምህርት ቤት በጊዜው የመንግሥትን ገንዘብ ተቀበለ፣ ከዚያም ልጆችን በ11 ዓመታቸው በፈተና መምረጥን ተወ። በ1993 ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሲክስዝ ፎርም ኮሌጆች ከአካባቢው አስተዳደር እጅ ወጥቶ ራሱን ማስተዳደር ጀመረ። ትምህርቱ ግን ዛሬም ነጻ ነው። የትራንስፖርቱ ዋጋ ሌላ ነገር ነው፤ ልጅቷ ዝርዝሯ ላይ ሁለቴ አስምራበታለች።

ላብራቶሪ ገባን። የኬሚስትሪ ሽታ የትም አገር አንድ ነው፤ ዓይኔን ብጨፍን ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ልዩነቱ፣ እኛ ሰባ ሆነን አንዲት ቡንሰን የምትባል የጋዝ ማቃጠያ ስትቃጠል ከሩቅ እናይ ነበር። እዚህ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አለ። የእህቴ ልጅ አንዷን ቧንቧ ከፈተች፣ ዘጋች። መምህሩ ሲመጣ አስጎብኚያችን በስሙ ጠራችው። ሚስተር የለ፣ ሰር የለ። ስሙን ብቻ፣ እንደ ጓደኛ። እኔ ክው አልኩ። "ቲቸር" ያላልኩት አስተማሪ በሕይወቴ የለም። ሰውዬው ግን እንደ ተራ ነገር ዞሮ ለእህቴ ልጅ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አብረው ሲሄዱ ምን ያህል ሒሳብ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ቀጠለ። ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ያስታውቃል። እሷን እንጂ እኔን አላየም።

ከዚያ የአዳሪዎቹ ነገር መጣ። የመንግሥት ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ሆኖ አዳሪ ያለው ጥቂት ነው። እዚህ ከሚያድሩት መሀል ከፎክላንድ ደሴቶች የሚመጡ ልጆች አሉ። ፎክላንድ ብሪታንያና አርጀንቲና በ1982 የተዋጉባት፣ በደቡብ አትላንቲክ ጫፍ ያለች ምድር ናት። ከዚህ ወደ 13,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ነዋሪዋ አራት ሺህ እንኳ አይሞላም፣ ማለትም ከዚህ ኮሌጅ ተማሪ ያንሳል። እዚያ ትምህርት እስከ 16 ዓመት ነው፤ ኤ ሌቭል የለም። ስለዚህ ውጤት ያለውን ልጅ መንግሥታቸው ከፍሎ ወደ እንግሊዝ ይልከዋል። ፎክላንድ ሎጅ የሚባል ማደሪያ ቤትም አላቸው።

ይህን ስሰማ የአጎቴ ልጆች ትዝ አሉኝ። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር ወደ ወረዳው ከተማ መጥተው አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ከቤት ስንቅ ይመጣላቸዋል። እንጀራው ሐሙስ ሲሆን ይሻግታል። የፎክላንዱ ልጅ ማደሪያው የሞቀ ነው፣ ምግቡ ይዘጋጅለታል። ናፍቆቱ ግን ያው ይመስለኛል። ስንቅ በየሳምንቱ የሚልክለት የለም።

እዚህ ተምረው የታወቁ ሰዎች አሉ። በመርከብ ቀዘፋ... ይቅርታ፣ ቀዘፋ አይደለም፣ በሸራ ጀልባ ውድድር አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ቤን ኤንስሊ አንዱ ነው። ሞዴልና የቴሌቪዥን አቅራቢዋ አሌክሳ ቻንግም እዚህ ተምራለች። የእህቴ ልጅ ኤንስሊን ስነግራት ትከሻዋን ነቀነቀች፣ በአሌክሳ ቻንግ ግን ቅንድቧን አነሳች።

ምግብ ቤቱ ጋ ሰልፍ ያዝን። እሷ ድንች ጥብስ ወሰደች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። እህቴ ደወለች። "ግቢው እንዴት ነው?" ጥሩ ነው። "ልጆቹስ? ጨዋ ናቸው?" ሲገፉኝ ይቅርታ ብለዋል። "ቀኑን ሙሉ ነው የሚማሩት?" እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። በመሀል ክፍለ ጊዜ የሌለባቸው ሰዓታት እንዳሉ፣ ያን ጊዜ ላይብረሪም ካፌም መቀመጥ እንደሚችሉ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ "እና ይኼ ፎርፌ አይደለም እንዴ?" አለች። ፎርፌ ሳይሆን ነጻ ሰዓት እንደሚባል ለማስረዳት ስሞክር ልጅቷ ስልኩን ቀምታኝ በእንግሊዝኛ ለእናቷ የሆነ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለቻት አላውቅም፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ማታ ሳውዝሃምፕተን፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ተከፈተ። እህቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ መነጽሬን አድርጌያለሁ። ማመልከቻው ላይ የሚመረጡት ትምህርቶች ተደርድረዋል። ልጅቷ ባዮሎጂን ነካች። እህቴ ፈገግ አለች። ኬሚስትሪን ነካች። እህቴ ወደ እኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች፤ ሐኪም ቤት ውስጥ ገብተናል። ከዚያ ልጅቷ ዝርዝሩን ወደ ታች አወረደችና ፎቶግራፍን መረጠች።

"ፎቶግራፍ?" አለች እህቴ ጀበናውን እንደያዘች። "ፎቶማ ስልክሽም ያነሳ የለም እንዴ?"